የበሰበሰው ሽንኩርት በሽታ ስሙ ሳይታወቅ መድኃኒት አይታዘዝልን

ይድረስ፦ በሰሜንም በደቡብም ወሎ ላላችሁ የግብርና መሥሪያ ቤቶች፣ ለተክል ጤና ባለሙያዎች፣ በደሴ፣ በኮምቦልቻና በወልድያ ቤተ ሙከራ ውስጥ ለምትሠሩ መምህራን

ጉዳዩ፦ በሽታው ሳይለይ ኬሚካል እንዳይታዘዝ ስለመጠየቅ

ሰላምታዬ ይድረሳችሁ።

እኔ ነጭ ሽንኩርት ከሚያለማ የደጋ ቤተሰብ የወጣሁ የባዮሎጂ መምህር ነኝ። ደብዳቤውን በግልጽ የጻፍኩት ነገሩ የአንድ ቀበሌ ጣጣ ስላልሆነ ነው። ከኩታበር ደጋ እስከ ቆቦ ሜዳ አትክልት የሚያለማ ሁሉ ያውቀዋል። ማሳው መበስበስ ይጀምራል። ገበሬው ሱቅ ሄዶ ኬሚካል ይገዛል። ይረጫል። መበስበሱ ይቀጥላል። ሌላ ይገዛል። በዚህ ሁሉ መሃል አንድ ጥያቄ ሳይጠየቅ ይታለፋል፤ ያበሰበሰው ምንድን ነው?

በቅርቡ አንድ የኬሚካል ሱቅ ውስጥ ተራ ስጠብቅ ያየሁትን ልንገራችሁ። የሱቁን ስም አልጠራም፤ ሌላውም ቤት ያው ነው። አንድ አዛውንት በጋቢያቸው ጫፍ የቋጠሩትን የሽንኩርት ራስ ፈትተው ባንኮኒው ላይ አኖሩት። ሻጩ ወጣት በእጁም አልነካው። ከሩቅ አየት አደረገና «አያ፣ ፈንገስ ነው። ይችን ይርጩ፤ ፍቱን ናት» አላቸው።

«ያለፈው ጊዜ የሰጠኸኝስ?»

«እሷ ደከም ትላለች። ይቺ ጠንከር ያለች ናት።»

ከፈሉና ሄዱ። ሽንኩርቱ ባንኮኒው ላይ ቀረ። አንስቼ አገላበጥኩት። ሥሩ ተበልቶ አልቋል። ግርጌው ቡናማ ሆኖ ላልቷል። አይገማም። የተሸጠላቸው መድኃኒት ደግሞ ቅጠል ላይ ተረጭቶ ቅጠል የሚከላከል ነው። አፈር ውስጥ ለተቀበረ ግርጌ ምንም አይፈይድም።

በወጣቱ አልፈርድም። እሱ ነጋዴ ነው፤ የሚያውቀውን ይሸጣል። «ፈንገስ ነው» መባል ግን ሐኪም ቤት ሄዶ «ታመዋል» ተብሎ እንደመመለስ ነው። ታምሜማ ነው የመጣሁት!

መበስበስ አንድ በሽታ አይደለም። ጭራሽ በሽታ ያልሆነም አለ። የቲማቲምን ቂጥ ተመልከቱ። ፍሬው ገና ሳይቀላ ከታች በኩል ጠፍጣፋ ጥቁር ቁስል ይወጣበታል። ቁስሉ ላይ ሻጋታ ሲያርፍ ያየ ሁሉ ፈንገስ ነው ይላል። ሻጋታው ግን ኋላ የመጣ እንግዳ ነው። መነሻው ፍሬው ካልሲየም ማጣቱ ነው። ካልሲየሙ ብዙ ጊዜ አፈሩ ውስጥ አለ፤ ወደ ፍሬው የሚያደርሰው ውኃ ነው የተዛባው። ሰንብቶ የሚደርቅ፣ ከዚያ በአንድ ቀን የሚጥለቀለቅ ማሳ ይህን ያመጣል። ለዚህ ፈንገስ ማጥፊያ መርጨት ብር ማቃጠል ነው። መስተካከል ያለበት የውኃው ተራ ነው።

ባክቴሪያም አለ። ቲማቲም ወይም ቃሪያ ቅጠሉ እንደለመለመ ድንገት ከጠወለገ፣ ግንዱን ዝቅ አድርጎ መቁረጥና ቁራጩን ንጹሕ ውኃ ባለበት ብርጭቆ ውስጥ ማንጠልጠል ነው። ራልስቶኒያ የሚባለው ባክቴሪያ ከሆነ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ከተቆረጠው ጫፍ ነጣ ያለ ክር ወደ ታች ይወርዳል። ብርጭቆና ቢላ የሌለው ቤት የለም። ይህን ለማየት ቤተ ሙከራ አያስፈልግም። ክሩን ያየ ሰው ለዚያ ማሳ ፈንገስ ማጥፊያ አይገዛም። የሚዝለገለግና አፍንጫ የሚያስይዝ ብስባሽም ከሆነ በመጀመሪያ የሚጠረጠረው ባክቴሪያ ነው።

ከዚያ ደግሞ ፈንገስ የሚመስል ግን ፈንገስ ያልሆነ አለ። ጉምና ካፊያ ሲሰነብት ድንችና ቲማቲምን በጥቂት ቀን የሚያቃጥለው፣ ገበሬው «ምች መታው» የሚለው፣ ብዙ ጊዜ ፋይቶፍቶራ ኢንፌስታንስ ነው። ጧት ጤዛው ሳይረግፍ ቅጠሉን ገልብጦ ላየው፣ በቁስሉ ዙሪያ ስስ ነጭ ብናኝ አለ። ይህ ተሕዋስ በዝርያው ከፈንገስ ይልቅ ለአልጌ ይቀርባል። ነገሩ የመጽሐፍ ክርክር ብቻ አይደለም፤ ኪስ ይነካል። ሪዶሚል በሚባለው ኬሚካል ውስጥ ያለው ሜታላክሲል የሚሠራው እንደዚህ ባሉት ላይ ነው። ፉዛሪየም የሚባለውን ፈንገስ አይነካውም። ግርጌው በፉዛሪየም የበሰበሰ ሽንኩርት ላይ ሪዶሚል የሚረጭ ሰው ጥሩ መድኃኒት ለማይመለከተው በሽታ እየሰጠ ነው። ከዚያ «ኬሚካሉ ተበረዘ» ይላል። አንዳንዴ ተበርዞም ይሆናል፤ ሁልጊዜ ግን አይደለም።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ላንሳ። ይኸው ፋይቶፍቶራ በ1845 እ.ኤ.አ. አየርላንድ ገብቶ የድንቹን ማሳ አጠፋው። ሕዝቡ ሲራብ ሊቃውንቱ ይከራከሩ ነበር። የሚበዙት ሻጋታው የመበስበሱ ውጤት ነው፤ ያበሰበሰው አየሩና እርጥበቱ ነው አሉ። በርክሌ የሚባል እንግሊዛዊ ቄስ ግን በ1846 የለም፣ ገዳዩ ራሱ ሻጋታው ነው ብሎ ጻፈ። በቂ ማስረጃ የመጣው ከዓመታት በኋላ በ1861 ነው፤ አንቶን ደ ባሪ የተባለ ጀርመናዊ ጤነኛውን ድንች በተሕዋሱ አስይዞ አሳየ። ያኔ የጠፋው ዕውቀቱ ነበር። ዛሬ ዕውቀቱ ደሴና ወልድያ ድረስ መጥቷል። ማሳው ጋ ነው ያልደረሰው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳዬ ልግባ፤ ወደ ነጭ ሽንኩርት።

በደጋው ነጭ ሽንኩርት ላይ ከሁሉ የምፈራው ነጭ አበስብስ የሚባለውን ነው። ሳይንሳዊ ስሙ ስክሌሮሺየም ሴፒቮረም ነው። ምልክቱ ከታች ካሉት አሮጌ ቅጠሎች ይጀምራል። ከጫፋቸው ቢጫ ሆነው ይደርቃሉ። ሰው ውኃ አንሶት ነው ብሎ ያጠጣል። ከዚያ ተክሉን ሳብ ሲያደርገው ያለ ትግል እጁ ላይ ይቀራል፤ ይዞት የነበረው ሥር በስብሷልና። ራሱን ሲያዩት ግርጌው ላይ የተነደፈ ጥጥ የመሰለ ነጭ ሻጋታ አለ። ጠጋ ብሎ ላየው በነጩ መሃል ከጤፍ የሚያንሱ፣ ክብ፣ ጥቋቁር ነገሮች ተበትነዋል። ብዙ ሰው አፈር ይመስሉታል። በጣት ሲጠርጓቸው ግን ከሻጋታው ጋር ተያይዘው ይመጣሉ። ዋናው ጉድ እነሱ ናቸው።

እነዚህ ጥቋቁር ፍሬዎች የፈንገሱ ማደሪያ ናቸው። ተክሉ ሞቶ፣ ሻጋታው ጠፍቶ፣ እነሱ አፈር ውስጥ ይተኛሉ። 20 ዓመትና ከዚያ በላይ ሊቆዩ ይችላሉ። የሚቀሰቅሳቸው ደግሞ የሽንኩርት ዘመዶች ሥር የሚያወጣው ሰልፈር ያለበት ሽታ ነው። ገብስ ብትዘሩበት፣ ባቄላ ብትዘሩበት አይነቁም። ነጭ ሽንኩርት የተተከለ ቀን ይነቃሉ። ብዛታቸውም ትንሽ ቢሆን ይበቃል። በ10 ኪሎ አፈር ውስጥ አንዲት ፍሬ ብቻ ብትኖር በሽታውን ልታስነሳ ትችላለች። በ1 ኪሎ አፈር ከ10 እስከ 20 ከደረሱ ሳይያዝ የሚተርፍ ተክል የለም ማለት ይቻላል።

እንግዲህ አስቡት። ቲማቲም ላይ በሽታውን ብትስቱ የምትከስሩት የዘንድሮውን ምርት ነው። እዚህ ግን የሚከስረው መሬቱ ነው። «ሁለት ዓመት ገብስ ዝራበትና ተመለስ» የሚለው የተለመደ ምክር ለሌላ በሽታ ይጠቅም ይሆናል። ለዚህ አይጠቅምም። ማሳው በልጁ ዘመንም ነጭ ሽንኩርት ላያበቅል ይችላል። ከአፈር ውስጥ ነቅሎ የሚያጠፋው መድኃኒትም የለም። ቴቡኮናዞል የሚባለው ኬሚካል ዘሩ ሲታሽበት ጉዳቱን እንደሚቀንስ በአገራችንም ተሞክሯል። መቀነስና ማጥፋት ግን ይለያያሉ።

ደግሞ ነጭ ሽንኩርት የሚተከለው በራሱ ፍንካች ነው። የበሽተኛ ማሳ ምርት ዘር ሆኖ ገበያ ይወጣል። ገዢው ደህና የሚመስለውን ራስ መርጦ፣ ፈልፍሎ፣ አዲስ ማሳ ላይ ይተክላል። በሽታውንም አብሮ ይተክለዋል። በሞፈሩ ላይ የተጣበቀ አፈር ይወስደዋል። በቦይ የሚወርድ ውኃ ይወስደዋል። በስብሷል ተብሎ ቦይ ዳር የተጣለው ሽንኩርትማ በሚቀጥለው መስኖ ታች ላለው ጎረቤት ይደርሳል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆን፣ መለየት የሚያስፈልገው የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ተክሎች ሲጠወልጉ ነው።

ከፉዛሪየም ግርጌ አበስብስ ጋር ይምታታል። ሁለቱም ቅጠል ያቢጫሉ፤ ሁለቱም ሥር ይበላሉ፤ ሁለቱም ነጭ ሻጋታ አላቸው። ለመለየት ግን መነሻ አለ። ነጭ አበስብስ ቅዝቃዜ ይወዳል። ከ10 እስከ 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለ አፈር ይመቸዋል፤ ሙቀቱ ሲበረታ ይደክማል። ፉዛሪየሙ ሙቀት ነው የሚፈልገው፤ በ28 ዲግሪ ገደማ ይበረታል። ስለዚህ የቆቦ ቀይ ሽንኩርት በሙቀቱ ወቅት ግርጌው ሲበሰብስ መጀመሪያ የምጠረጥረው ፉዛሪየምን ነው። ኩታበር ላይ በብርድ ወቅት ነጭ ሽንኩርት ሲበሰብስ ደግሞ ጥቋቁሮቹን ፍሬዎች እፈልጋለሁ። ይህ ጥርጣሬ ነው፤ ፍርድ አይደለም። ወይና ደጋ በሆነው ሐይቅ ላይ ግን ሁለቱም ቢገኙ አይገርመኝም።

ፍርዱ ቤተ ሙከራ ነው። እዚያ ግን የሚሄደው ናሙና አያያዙ ከተበላሸ ምርመራውም ከንቱ ነው። አብዛኛው ገበሬ ሙሉ በሙሉ የበሰበሰውን መርጦ ያመጣል፤ በሽታው በደንብ ይታይ ብሎ። የተሳሳተው እዚህ ነው። የበሰበሰ ነገር ላይ የሚገኙት ሬሳ በሊታዎች ናቸው። አስፐርጊለስ፣ ራይዞፐስ፣ ፔኒሲሊየም፣ ኋላ የደረሰው ሁሉ። እነሱን አይቶ ጥፋተኛ ማለት ለቀብር የመጣውን ሰው በነፍስ ግድያ መክሰስ ይሆናል። የሚፈለገው ገና መታመም የጀመረው ተክል ነው። ሳይነቀል በአካፋ ከነሥሩና ከነአፈሩ ይነሣ። በጋዜጣ ወይም በወረቀት ይጠቅለል። ፌስታል ውስጥ ታፍኖ ፀሐይ ላይ የዋለ ናሙና መንገድ ላይ ሌላ ብስባሽ ያበቅላል። የተቻለውን ያህል በዚያው ቀን ይድረስ። ከየት ማሳ፣ ባለፈው ምን ተዘርቶበት ነበር፣ ምን ተረጭቶበታል፣ እነዚህም ይጻፉ። የመጨረሻውን ሰው ይረሳዋል። ኬሚካል የተረጨበት ናሙና ፈንገሱ ሳይበቅል ቀርቶ «ጤነኛ» ሊባል ይችላል።

ቤተ ሙከራው ከዚያ የሚሠራው አስማት አይደለም። ጤነኛውና የታመመው የሚገናኙበትን ጠርዝ በትንንሹ ይቆርጣል። በቀጠነ በረኪና ለ1 ወይም ለ2 ደቂቃ ያጥበዋል፤ ላዩ ላይ ያረፈው እንዲሞት ነው። በተቀቀለ ውኃ ያለቀልቀዋል። ከዚያ ከድንች መረቅ፣ ከስኳርና አጋር ከሚባል ማርጊያ ተሠርቶ ሳህን ላይ በረጋ ምግብ ላይ ያኖረዋል። ለ1 ሊትር 200 ግራም ድንች ነው የሚገባው፤ ድንቹን ከጓሮ አምጥተን ከተማሪዎቼ ጋር ሠርተነዋል። ከ20 እስከ 25 ዲግሪ ባለ ሙቀት ሳምንት ሳይሞላው ይበቅላል። ማይክሮስኮፕ ሥር ፉዛሪየም ጫፍና ጫፉ የሾለ፣ ጎበጥ ያለ፣ በመሃሉ ግድግዳ ያለበት የፈንገስ ዘር (ስፖር) ያሳያል። አልተርናሪያ የሚባለው ሌላ ፈንገስ ቁመቱንም ወርዱንም በግድግዳ የተከፋፈለ ወፍራም ዘር አለው። ነጭ አበስብሱ እነዚያኑ ጥቋቁር ፍሬዎች ሳህኑ ላይ ይደረድራል።

እዚህ ላይ ለመምህራኑ አንድ አደራ አለኝ። ሳህኑ ላይ ፉዛሪየም በቀለ ማለት ፉዛሪየም ገደለ ማለት አይደለም። ፉዛሪየም ኦክሲስፖረም በጤነኛ አፈርም በጤነኛ ሥርም ላይ ይኖራል። ገዳዩና ምንም የማይነካው በማይክሮስኮፕ አንድ ዓይነት ናቸው። ስለዚህ ከሳህኑ አንስቶ ጤነኛ ተክል ላይ መልሶ ማሳመም፣ ያው ምልክት ሲወጣ ከዚያ እንደገና ያንኑ ፈንገስ ማውጣት ያስፈልጋል። ሮበርት ኮክ የተባለው ጀርመናዊ ሐኪም ለሰው በሽታ ያስቀመጠው መንገድ ለሽንኩርትም ይሠራል። ዘረ መል ማስነበብ ለሚቻለው እሰየው፤ ወደ ሌላ ከተማ መላክም ይቻላል። ማሳመሙ ግን ማሰሮና ትዕግሥት ነው የሚጠይቀው። ለመመረቂያ ጽሑፍ ይህን የሚሠሩ ተማሪዎች በየዓመቱ አሉ። ጽሑፉ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል። ናሙናውን የሰጠው ገበሬ ግን ውጤቱን አይሰማም። ይህ ያናድደኛል፤ አልደብቅም።

እንግዲህ የምጠይቀው ይህ ነው።

በየወረዳው በገበያ ቀን አንድ ጠረጴዛ ይቀመጥልን። ብርጭቆ፣ ምላጭ፣ 10 እጥፍ የሚያጎላ የእጅ መነጽር፣ ፌስታልና ሶፍት ይበቃሉ። ሶፍቱን አርጥቦ ከታመመው ቁራጭ ጋር ፌስታል ውስጥ አስሮ ለ2 ቀን በጥላ ማቆየት ብቻ ብዙ ፈንገስ ራሱን እንዲያሳይ ያደርጋል። ዲኤዎቻችን (የቀበሌ የግብርና ልማት ሠራተኞች) ይህን ለመሥራት ሥልጠናው ረጅም አይደለም። እዚያ ያልተለየው በሳምንት አንድ ቀን ወደ ቤተ ሙከራ ይላክ። መኪና አለ፤ ለስብሰባ ሲወጣ እናየዋለን።

መልሱ በወረቀት ይምጣ። በአማርኛ፣ የበሽታው ስም ተጽፎ። ምን እንዳልሆነም ይጻፍበት፤ «ባክቴሪያ አይደለም፣ የውኃ ችግር አይደለም» የሚል አንድ መስመር ገበሬውን ከሦስት ጠርሙስ ኬሚካል ያድነዋል። ካልታወቀም «አልታወቀም፤ አይረጭ፤ ሌላ ናሙና አምጡ» ይባል። የማላውቀውን አላዝም የሚል ባለሙያ ከማንም በላይ እናከብራለን።

የነጭ ሽንኩርት ዘር ከመተከሉ በፊት የተመረተበት ማሳ ይታይ። ነጭ አበስብስ የተገኘበት ማሳ በመዝገብ ይያዝ። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ይደረግ። ማሳው ሲመዘገብ ገበያ የሚዘጋበት ገበሬ ሁለተኛ አያሳያችሁም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ ግን ያሳየ ሰው ሲቀጣ ሁሉም ይደብቃል። የታመመው ምርት ለዘር አይሁን፤ ደህና ደህናው ለወጥ ይሸጥ። ለባለማሳው ደግሞ በምትኩ ንጹሕ ዘር ወይም ሌላ የሚዘራው ነገር ይሰጠው። ይህ ወጪ አለው። ቀበሌው በሙሉ ነጭ ሽንኩርት መትከል ካቆመ ግን ወጪው ይበዛል።

በጀት የለም እንደምትሉ አውቃለሁ። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ በወልድያም በወሎም ዩኒቨርሲቲ ላይ ያደረሰው ጉዳት ገና ከዓይናችን አልጠፋም። የተዘረፈ ማይክሮስኮፕ በአንድ ቀን አይተካም። እስከዚያው በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ያሉትን ተጠቀሙ። ጨርቅ ለብሰው ቁም ሣጥን ውስጥ የተቀመጡ አሉ፤ ዓመቱን ሙሉ የሽንኩርት ልጣጭ ብቻ የሚታይባቸው። እኛ የባዮሎጂ መምህራን ቅዳሜ ግማሽ ቀን ብንሰጥ አንሞትም። እኔ ስሜን አስቀድሜ አስመዝግባለሁ።

ለመስኖው ተከላ ዘር ሳይገዛ በፊት መልሳችሁን እጠብቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የደጋ ነጭ ሽንኩርት አምራችና መምህር

ግልባጭ፦
ለመስኖ ማኅበራት፤ የበሰበሰ ሽንኩርት ቦይ ዳር እንዳይጣል ለአባሎቻችሁ እንድትነግሩ።
ለኬሚካል ሱቅ ባለቤቶች፤ ገዢው ናሙና ይዞ ሲመጣ ቢያንስ ገልብጣችሁ ሥሩን እንድታዩ።